የተዘለለችው ዙር

አገርነሽ ሲጋራ በከንፈሯ ነክታ አታውቅም። የሳንባ ካንሰር ይዟታል ከተባለ ጊዜ ጀምሮ ግን ሐኪሙም፣ ጎረቤቱም፣ ደንበኛውም መጀመሪያ የሚጠይቃት «ታጨሺ ነበር እንዴ?» ብሎ ነው። መጀመሪያ አካባቢ በትዕግሥት ትመልስ ነበር። ኋላ ሲሰለቻት «አዎ፣ በድብቅ» ማለት ጀመረች። ባሏ ሣህሌ ይህን በሰማ ቁጥር ሳቁ ይመጣና ግማሽ መንገድ ላይ ይቀርበታል።

ሾላ ገበያ ውስጥ የቅመም ሱቅ ነበራት። በርበሬ ተራ ውስጥ የማያስል ሰው የለም። ሻጩ ያስላል፣ ገዢው ያስላል፣ ተሸካሚው ጆንያ ሲያወርድ ያስነጥሳል። ስለዚህ አገርነሽ ማሳል ስትጀምር ልብ ያለው ሰው አልነበረም። እሷም ቢሆን አልጠረጠረችም። ከሱቋ ቀጥሎ ያለው ነጋዴ ጠሀ ነው አንድ ቀን «እትዬ አገርነሽ፣ ያንቺ ሳል እኮ ከእኛ ሳል ይለያል፤ እባክሽ ታዪ» ያላት። ሲመረመር ነገሩ ከሳንባዋ አልፎ ደረቷ መካከል ያሉትን ንፍፊቶች ይዞ ተገኘ። በቀዶ ሕክምና የሚወጣ አልሆነም። በአፍ የሚዋጠው አዲሱ ዓይነት መድኃኒትም ለእሷ ዓይነት እንደማይሠራ ከውጭ አገር የመጣው የናሙና ውጤት ተናገረ። የቀረው ኬሞ ብቻ ነበር።

ሣህሌ ጡረታ የወጣ የባዮሎጂ መምህር ነው። ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረው ኮተቤ በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ቤታቸው የካ ሚካኤል አካባቢ ነው። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ሐመልማል ትባላለች፤ ሲ.ኤም.ሲ አፓርታማ ተከራይታ ትኖራለች። የምትሠራው የቲቢ በሽታን በሚከላከል ድርጅት ውስጥ ነው። በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ የሚለጠፉትን፣ «መድኃኒትዎን አያቋርጡ፤ ካቋረጡ በሽታው መድኃኒቱን ይላመዳል» የሚሉትን ፖስተሮች የምታዘጋጀው እሷ ናት።

አገርነሽን የያዘቻት የካንሰር ሐኪም ዶክተር ጊፍቲ ትባላለች። ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ነገር አስጌጣ መናገር የማትወድ ሴት ናት። ገና በመጀመሪያው ቀን፣ «ይህ መድኃኒት በሽታውን ነቅሎ አያወጣውም። ያጠብበዋል፣ ጊዜ ይሰጥዎታል። ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም» አለቻት። አገርነሽም «አለማወቅዎትን ስለነገሩኝ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ክንዷን ዘረጋችላት።

ኬሞው በየሦስት ሳምንቱ በደም ሥሯ ይገባል። ፀጉሯ ሲረግፍ ብዙም አልከፋትም፤ ድሮም ሻሽ አስራ የምትውል ሴት ናት። የከፉባት ጣቶቿ ናቸው። የተፈጨ በርበሬ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል አሽታ ልመቱን የምትለይ ነጋዴ፣ ጣቶቿ ደንዝዘው የያዘችው ዱቄት ይሁን አሸዋ መለየት አቃታት። ምግብ ሲሸታት ታቅለሸልሻለች። የሆነ ሆኖ ከጥቂት ዙሮች በኋላ በተነሣው ሲቲ ስካን ላይ ዶክተር ጊፍቲ የኮምፒውተሩን ስክሪን ወደ እነሱ አዙራ፣ «ትልቁ ዕጢ ከግማሽ በላይ ቀንሷል። እዚህ ጥግ ያለችው ትንሽ ነጥብ ብቻ ባለችበት ናት፤ እየተከታተልን እናያታለን» አለች። ሣህሌና አገርነሽ ግን «ከግማሽ በላይ» ከሚለው ቀጥሎ የተባለውን አልሰሙም። ከሆስፒታሉ ወጥተው ታክሲ እስኪይዙ ድረስ ሣህሌ የሚስቱን ክንድ እንደ ሙሽራ ይዞ ሄደ። ለሐመልማል ደውሎ ሲነግራት እሷም ስልኩ ላይ አለቀሰች።

ከዚያ በኋላ የነበረው ዙር ግን አገርነሽን አልጋ ላይ ጣላት። ውኃ እንኳ አልረጋላት አለ። ትንሽ ቀና ያለች ዕለት ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቀች፣ ባሏን ጠራችው።

«ሣህሌ።»

«አቤት።»

«የሚቀጥለውን አልሄድም።»

ሣህሌ የያዘውን ጋዜጣ አጠፈው። «እንዴት ማለት?»

«ትቼው አይደለም። እመለሳለሁ። እንጦጦ ወጥቼ ፀበል ልጠመቅ፣ ትንሽ ልረፍ። ሆዴ ምግብ የሚባል ነገር መቀበል ይጀምርና እመለሳለሁ።»

«ቀጠሮው እኮ በቀን የተቆረጠ ነው፣ አገርነሽ። ሐኪሟን እንጠይቃት።»

«ብንጠይቃት አትሂጂ ትለኛለች። ከዚያ ቃሏን ጥሼ ልሄድ ነው? ባልጠይቃት ይሻላል።»

«ሐመልማልስ?»

«ለእሷ ደግሞ ጭራሽ እንዳትነግራት። ያን ፖስተሯን ይዛ ነው የምትመጣው።»

ሣህሌ ተከራክሮ የሚረታ ሰው አልነበረም፤ በተለይ አገርነሽን። ደግሞም ፊቷን አየው። አጥንቷ ከቆዳዋ ሥር ይቆጠር ጀምሯል። «እሺ» አለ። ለልጁም በስልክ፣ «እናትሽ ፀበል ልትገባ ነው፤ ሐኪሟ ዕረፍት ሰጥታታለች» አላት። ሐመልማል «ሐኪሟ ካለች ጥሩ» አለች። ነገሩ በዚሁ አለፈ።

ተራራው ላይ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ለፀበልተኛ የሚከራይ ክፍል ያዙ። ጠዋት ጠዋት ብርዱ አጥንት ይገባል። አገርነሽ ጋቢዋን ደርባ፣ ቢጫ ጀሪካን ከያዙት ሴቶች ጋር ተሰልፋ ትጠመቃለች። የመጀመሪያዎቹን ቀናት እየተንቀጠቀጠች ተኛች። ከዚያ አንድ ቀን ድንች ቅቅል በሚጥሚጣ አማራት፤ በላች፤ ረጋላት። በማግሥቱም በላች። አንድ ቀን በባሕር ዛፉ መካከል በእግሯ ወጥታ፣ እያረፈችም ቢሆን፣ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ድረስ ደረሰች። እዚያ አጥሩ ሥር ተቀምጣ ከተማውን ቁልቁል እያየች፣ ስለ ሱቋ፣ ስለ ጠሀ ሠርግ፣ ስለ ሐመልማል ልጅነት ስታወራ ዋለች። ሣህሌ እንደዚያ ስታወራ ከሰማት ብዙ ጊዜ ሆኖት ነበር። የሚያጠምቁት ቄስ «የሐኪም ቀጠሮሽን ደግሞ እንዳትረሺ፣ ልጄ» ሲሏት፣ «አልረሳሁትም፣ አባ፤ ዘልዬው ነው» ብላ አሳቀቻቸው።

ሲወርዱ ቀጠሮው ካለፈ ሰንብቷል። ዶክተር ጊፍቲ የት እንደከረሙ ሲነግሯት ቅንድቧን ሰብሰብ አደረገች፤ አልተቆጣችም። የዘገየውን ዙር ሰጠቻት፤ የቀሩትንም አስጨረሰቻት። አገርነሽ ለጥቂት ወራት ደህና ሆነች፤ ግማሽ ቀን ግማሽ ቀን ሱቅ መዋል ጀምራ ነበር። በልግ ሲገባ ሳሉ ተመለሰ።

የሲቲ ስካኑን ውጤት ለመስማት ሦስቱም አብረው ገቡ። ዶክተር ጊፍቲ ስክሪኑን ለጥቂት ጊዜ ስታይ ቆይታ፣ «አድጓል» አለች። «አዳዲስም አሉ። ካንሰሩ የሰጠንዎትን መድኃኒት ተላምዶታል ማለት ነው።»

አገርነሽ ራሷን ነቀነቀች። ሐመልማል ግን «ተላምዶታል» በሚለው ቃል ላይ ቆማ ቀረች። በሥራዋ በየቀኑ የምትጠቀምበት ቃል ነው።

«ዶክተር፣ በመካከል ያቋረጠችው ነገር አለ እንዴ?»

«አንድ ዙር ዘግይቷል» አለች ዶክተር ጊፍቲ ፋይሉን ገልጣ። «እንጦጦ ፀበል በሄዱ ጊዜ።»

ሐመልማል አባቷን ዞር ብላ አየችው።  አገርነሽ ደም ልትሰጥ ወደ ላቦራቶሪ ስትገባ ነው፣ ኮሪደሩ ላይ፣ ሰው ሁሉ ተደርድሮ በተቀመጠበት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የተናገረችው።

«ሐኪሟ ፈቅዳለች ብለኸኝ ነበር።»

«ብዬሽ ነበር።»

«አልፈቀደችም።»

«አልፈቀደችም።»

«አባዬ፣ እኔ ጠዋት ማታ ሰው እንዳያቋርጥ እለምናለሁ። የማላውቀውን ሰው ቤቱ ድረስ ሄጄ እለምናለሁ። አንተ በገዛ እናቴ ላይ አደረግከው። በሽታው አይደለም የተላመደው፤ አንተ ነህ ያላመድከው።»

ሣህሌ እውነት መሰለው።

ከዚያ ወዲያ ሐመልማል ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ሾርባ ይዛ ትገባለች፣ እናቷን ታጥባለች፣ አንሶላ ትቀይራለች። አባቷን «ሰላም ዋልክ» ብላ ታልፈዋለች፤ ስትወጣም እንዲሁ። ሣህሌ ሻይ አፍልቶ ቢያስቀምጥላት ሳትነካው ይቀዘቅዛል። ቀን ቀን ሚስቱ ስትተኛ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ያችን የከሰዓት በኋላ ንግግር መልሶ መላልሶ ያስባታል። «እሺ» ባይል ኖሮ። ለአንድ ጊዜ እንኳ ጠንከር ብሎ «አይሆንም» ቢላት ኖሮ። እንጀራውን አንዴ ቆርሶ መተው ጀመረ። አገርነሽ «አንተም ኬሞ ጀመርክ እንዴ?» ብላ ቀለደችበት።

አንድ ቀን፣ ገበያ ደርሼ ልምጣ ብሎ ወጥቶ፣ እግሩ ወደ ሆስፒታሉ ወሰደው። ተራውን የያዘው ሕመምተኛ ሁሉ እስኪያልቅ ኮሪደሩ ላይ ቆየ። ዶክተር ጊፍቲ ቦርሳዋን ይዛ ስትወጣ አየችውና ደነገጠች።

«ወይዘሮ አገርነሽ ምን ሆኑ?»

«ምንም አልሆነችም። የመጣሁት እኔ ነኝ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት ነው።»

በሩን መልሳ ከፍታ አስገባችው። ሣህሌ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

«እውነቱን ይንገሩኝ፣ ዶክተር። እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ እችለዋለሁ። ካንሰሩ መድኃኒቱን እንዲላመድ ያደረገችው ያቺ የዘለልናት ዙር ናት?»

ዶክተር ጊፍቲ ኮምፒውተሩን ከፍታ ሦስቱን የሲቲ ስካን ሥዕሎች ጎን ለጎን ደረደረቻቸው።

«ይህ ሕክምና ሳይጀምሩ የተነሣው ነው። ይህ የመጨረሻው። መካከል ያለው እንጦጦ ከመሄዳችሁ በፊት የተነሣው ነው። እዚህ ጥግ ላይ ያለችውን ነጥብ ያዩዋታል?»

ሣህሌ መነጽሩን አስተካክሎ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። «አየኋት።»

«ሌላው ሁሉ ሲቀንስ እሷ አልቀነሰችም። አሁን ያደገችው እሷ ናት፤ አዲሶቹም በዙሪያዋ ነው የወጡት። መድኃኒቱን በቀኑ እየወሰዱ በነበረበት ጊዜ እንኳ እሷ ምንም አልሆነችም። ያን ዕለት ነግሬያችሁ ነበር።»

«አልሰማንም።»

«ብዙ ሰው አይሰማም። ደስ ብሏችሁ ነበር።» ወንበሯን ወደ እሱ አዞረች። «ካንሰር ስንለው አንድ ነገር ይመስላል፤ ግን ሁሉም ህዋስ አንድ ዓይነት አይደለም። በተከፈለ ቁጥር ዘረመሉ ላይ ስሕተት ይፈጠራል። ወይዘሮ አገርነሽ መጀመሪያ እኔ ጋ ሲመጡ ደረታቸው ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠር ህዋስ ነበር። ከዚያ ሁሉ መካከል ጥቂቶቹ፣ ገና መድኃኒቱን ሳያዩት፣ የሚቋቋሙት ነበሩ።»

«በምን መንገድ ነው የሚቋቋሙት?» አለ ሣህሌ። የመጣበትን ጉዳይ ለአፍታ ረስቶት ነበር።

«በብዙ መንገድ። ከሰጠናቸው መድኃኒቶች አንዱ የህዋሱን ዲኤንኤ ያጣብቀዋል፤ ህዋሱ መከፈል ያቅተውና ይሞታል። አንዳንዱ ግን የተበላሸውን ዲኤንኤ ቶሎ ብሎ ይጠግናል። አንዳንዱ ሽፋኑ ላይ እንደ ፓምፕ የሚሠራ ፕሮቲን ያበዛና መድኃኒቱን ገና ከመግባቱ መልሶ ያስወጣዋል። ሌላው ደግሞ መከፈሉን ትቶ ዝም ብሎ ይቆያል። ኬሞ ይበልጥ የሚገድለው የሚከፈለውን ስለሆነ ይህኛውን ያልፈዋል፤ ሕክምናው ሲያልቅ ህዋሱ ይነሣል። በእሳቸው ላይ የትኛው እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት ሁሉም ይኖራል።»

«ሌሎቹ ሲሞቱ ደግሞ …» አለ ሣህሌ፤ ጨርሶ አልተናገረውም።

«ቦታው ለእነሱ ይለቀቅላቸዋል።»

 በየዓመቱ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሣህሌ ያስተምረው የነበረ ትምህርት ነው። «ዲዲቲ ሲረጭ ኖሮ ኋላ የወባ ትንኝ አልሞት አለች፤ ለምን?» ብሎ ይጠይቃል። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ስለለመደችው!» ይላል። እሱም ጠመኔውን ከፍ አድርጎ፣ «አይደለም። አንዲትም ትንኝ አልለመደችም፣ አልተማረችም። ከመጀመሪያውም የማይገድላቸው ጥቂት ነበሩ፤ ሌሎቹ አለቁ፣ የእነዚያ ልጆች ቀሩ» ይላቸዋል። ፈተና ላይ ያወጣዋል፤ የሳተውን ተማሪ ማርክ ይቀንስበታል።

«ይህን እኮ ሳስተምር ነው የኖርኩት» አለ።

«በራስ ላይ ሲመጣ ሌላ ነው» አለች ዶክተር ጊፍቲ። «ግን ደግሞ አልዋሽዎትም። መድኃኒቱ እየተሰጠ ሳለ የሚለወጡ ህዋሶችም አሉ። ያቺ ዙር በቀኗ ብትወሰድ ምንም ለውጥ አያመጣም ነበር ብዬ አልምልም። ትንሽ ጊዜ ልትጨምር ትችል ይሆናል፤ ላትጨምርም ትችላለች። የማውቀው፣ አንድም ቀን ሳይዘሉ እንዲህ የሆኑ ብዙ ሕመምተኞች አሉኝ። እርስዎ የፈጠሩት ነገር አይደለም።»

«ልጄ ቲቢ ላይ ነው የምትሠራው። ማቋረጥ ነው የሚያላምደው አለችኝ።»

«ለቲቢ ልክ ናት። እዚያ መድኃኒቱን በሥርዓት የጨረሰ አብዛኛው ሰው ይድናል፤ አደጋው ማቋረጡ ነው። እዚህ ሳያቋርጡም ይመጣል። ከፈለገች ትምጣና ላስረዳት።»

ሣህሌ አመስግኖ ወጣ። ሸክም ይወርድልኛል ብሎ ነበር፤ አልወረደለትም። እስከ መገናኛ በእግሩ ሄደ። ጥፋቱ የእሱ ቢሆን ኖሮ፣ ባያጠፋ ትድን ነበር ማለት ነው። አሁን ያም ቀረ። ሚኒባስ ውስጥ ከጎኑ የተቀመጠች ሴት «አባባ፣ ደህና ነዎት?» እስክትለው ድረስ እንባው መውረዱን አላወቀም።

ለሐመልማል አልደወለላትም። ስልኩን ሁለት ሦስት ጊዜ አንሥቶ አስቀመጠው። በልጁ ፊት ራሱን ነፃ ለማውጣት የእናቷን ደረት ሥዕል ምስክር አድርጎ መቆም አስጠላው። ደግሞም ዋሽቷታል። ያ በሲቲ ስካን የሚፋቅ አይደለም።

ነገሩን ያፈረጠችው አገርነሽ ናት። ቅዳሜ ዕለት ሐመልማል ሾርባውን አስቀምጣ፣ አባቷን እንደ ልማዷ አልፋ ልትገባ ስትል፣ እናቷ ከተደገፈችበት ትራስ ቀና አለች።

«ነይ እዚህ። አንተም ና። ምንድን ነው በመካከላችሁ ያለው? እኔ ሳንባዬን ነው እንጂ ዓይኔን አላመመኝም።»

 ሐመልማል፣ «ያን ጊዜ ኬሞሽን አዘልሎሽ ዋሸኝ» አለች።

«ማን ነው ያዘለለኝ?»

«አባዬ ነዋ።»

«እሱማ ሐኪሟን እንጠይቅ ብሎኝ ነበር። የዘለልኩት እኔ ነኝ። ለአንቺም ዋሽ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ሐመልማል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ለምን፣ እማዬ? ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ትከለክይኝ ነበራ። ጣቶቼ የሰው ጣት ሆኑብኝ። እንጀራ ሲሸተኝ ሞቴን እመኝ ነበር። እዚያ ተራራ ላይ በላሁ፤ ተኛሁ፤ ከአባትሽ ጋር እንደ ሰው አወራሁ። ያንን ጊዜ አትውሰጅብኝ።» ትንፋሽ አጠራትና ጥቂት አረፈች። «ደግሞ ከእኔ በላይ ማን ይቆጨዋል? ሐኪሟ ‹ተላምዶታል› ካለች ጀምሮ፣ በገዛ እጄ ነው፣ ልጄን ብሰማ ኖሮ ስል ነው የምውለው።»

ሣህሌ ይህን አያውቅም ነበር። አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ አልጋ ላይ፣ ሁለቱም ያንኑ ነገር ለየብቻ ሲያስቡ ከርመዋል። እሱም በድብቅ ሐኪሟ ዘንድ መሄዱን፣ ሦስቱን ሥዕሎች፣ ያችን ነጥብ፣ ፓምፑን፣ ዝም ብሎ የሚቆየውን ህዋስ ሁሉ ነገራቸው። መምህር ነውና ቀስ ብሎ፣ በቅደም ተከተል ነገራቸው። ሐኪሟ «አልምልም» ያለችውንም አላስቀረም።

«ነጥቧን አንተ ራስህ አየሃት?» አለች ሐመልማል።

«አየኋት። እንጦጦ ሳንሄድ ነበረች።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«መዋሸቴን አይሽረውም ብዬ።»

ሐመልማል መዳፏን ግንባሯ ላይ አደረገች። «ኮሪደር ላይ ያልኩህን ነገር …» ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም። ሣህሌም እንድትጨርሰው አልጠበቃትም፤ ሾርባውን ሊያሞቅ ወደ ማድ ቤት ሄደ።

አገርነሽ «እንግዲያው ከመጀመሪያውም ውስጤ ነበር በሉኛ» አለች። እንደ ወሬ ነው ያለችው። ያን ዕለት ሾርባውን ጨረሰችው።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ዶክተር ጊፍቲ ሌላ መድኃኒት እንዳለ ነገረቻቸው። የመጀመሪያውን የተቋቋመ ህዋስ ሁለተኛውንም ሊቋቋመው እንደሚችል፣ የሚሠራለት ሰው ጥቂት እንደሆነ፣ ለሠራለትም ወራት እንጂ ዓመታት እንደማይሰጥ ነገረቻቸው። አገርነሽ አሰበችበት።

«እሞክረዋለሁ። አልቻልኩም ስል ግን አቆማለሁ። ዳግመኛ ተደብቄ አልሄድም፤ ነግሬዎት ነው የምሄደው።»

«ዕረፍቱን አብረን እናቅደዋለን» አለች ዶክተር ጊፍቲ። «አሁን ባለንበት ሁኔታ አንድ ሁለት ሳምንት ማረፍ የሚያስቆጣኝ ነገር አይደለም።»

ያን ሰሞን ሳንባዋን የከበበው ፈሳሽ ትንፋሽ ስለነሣት በመርፌ ተቀዳላት። ዶክተር ጊፍቲ ከፈሳሹ ጥቂት ለጥናት እንዲወሰድ ፈቃዷን ጠየቀቻት። ውስጡ ያሉት ህዋሶች በሕይወት ስላሉ፣ መድኃኒቱን በየትኛው መንገድ እንደተቋቋሙት ማየት ይቻላል አለቻት።

«ውጤቱ ለእኔ ይደርሳል?»

«አይደርስም። ዓመታት ይፈጃል።»

አገርነሽ ባሏን አየችው። ሣህሌ ትከሻውን ነቀነቀ፤ ውሳኔው የእሷ ነው። «ውሰዱት» አለች። «ሲያንቀኝ የከረመ ነገር ነው፤ አልሳሳለትም።»

ሁለተኛው መድኃኒት ሠራላት። ክረምቱን ሙሉ ዕጢው ባለበት ቆመ። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ጋብ ባለ ቀን ሁሉ ሐመልማል መኪና ተዋስታ ሦስቱም እንጦጦ ይወጡ ነበር። አገርነሽ ከመኪናው ሳትወርድ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ የባሕር ዛፉን አየር ትስባለች። አንዳንድ ቀን አባትና ልጅ ከፊት ወንበር ተቀምጠው በረባ ባልረባው ይከራከራሉ፤ ስለ መንገድ፣ ስለ ፍሬን አያያዝ። አገርነሽ ከኋላ ወንበር ሆና ትሰማቸዋለች።

ከመስቀል በኋላ በተነሣው ሲቲ ስካን ጉበቷ ላይ ነጥቦች ታዩ። ዶክተር ጊፍቲ ያለውን ሁኔታ ስትናገር ሦስቱም እስከ መጨረሻው ድረስ አዳመጧት። ሦስተኛ መድኃኒት ለመሞከር አገርነሽ አልፈለገችም፤ ሐኪሟም አልገፋፋቻትም። ለሕመሙና ለትንፋሽ ማጠሩ ሞርፊን ሽሮፕ አዘዘችላት። ኅዳር ሊያልቅ ሲል፣ ረፋድ ላይ፣ የገዛ አልጋዋ ላይ፣ ባሏ በአንድ በኩል ልጇ በሌላ በኩል እንደተቀመጡ አረፈች።

ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሞልቶ ነበር። ጠሀ ሱቁን ዘግቶ ለቀስተኛውን ያስተናግድ ነበር። አንዲት የሩቅ ዘመድ ሣህሌ መኖሩን ሳታይ ለጎረቤቷ፣ «መድኃኒቱን አቋርጠው ፀበል ወስደዋት ነው አሉ፤ ባያቋርጧት እኮ ትተርፍ ነበር» አለቻት። ሣህሌ አንገቱን ደፋ። ሐመልማል ከቆመችበት መጥታ ሴትዮዋ አጠገብ ተቀመጠች።

«አይደለም፣ እትዬ» አለቻት። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም። «በሽታው ከመጀመሪያው መድኃኒቱ የማይገድለው ዓይነት ህዋስ ነበረበት። ሐኪሟ አሳይታናለች። ፀበል የሄደችው ደግሞ ራሷ ፈልጋ ነው፤ ወስዶ ያሳረፋት አባቴ ነው።»

ሴትዮዋ ግራ ገብቷት «እንደሱ ነው እንዴ» አለች፤ ሌላ ወሬ ጀመሩ።

ከአርባዋ በኋላ ሐመልማል አባቷን ሲ.ኤም.ሲ ወሰደችው። ከርሞ ሊቆይ ነበር ሐሳቡ። ግን ሊፍቱ ያስፈራዋል፤ ጎረቤት ሰላም አይባባልም፤ ቀኑን ሙሉ ብቻውን ይውላል። ጥቂት ሳምንት ታግሦ ወደ የካ ተመለሰ። ሐመልማል አኮረፈች፤ ከዚያ ተወችው። አሁን ማታ ማታ ከሥራ ስትወጣ ትደውልለታለች። ምን እንደበላ ትጠይቀዋለች። ያልበላውን በላሁ ሊላት ይቃጣዋል፤ ከዚያ እውነቱን ይነግራትና ትቆጣዋለች።